ከጥጆች ቤት የመጣው ቅቤ

እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ጋሼ መርዕድን የማያውቅ የፓይንሪጅ ሰፈር ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። በዊንተር መኪና አልነሳ ሲል ገመድ ይዘው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ለቅሶ ቤት ወንበር የሚደረድሩት እሳቸው፣ ሰው ሁሉ ተሰናብቶ ሲሄድ ወንበሩን የሚያጥፉትም እሳቸው። ታውንሃውሳችን ግድግዳ ስለሚጋራ እኔ ሳላቸውን እንኳ ለይቼ አውቃለሁ። ረዘም ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበሩ። «ነበሩ» ስል ክፉ አትጠርጥሩ፤ በሕይወት አሉ። የጠፋው ሳቁ ነው።

የተወለዱት ጉለሌ ነው። እናታቸው ከተማ መሀል፣ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ የወተት ላም ያረቡ ነበር። እሳቸው ደግሞ ከትምህርት ቤት በፊት ወተቱን በጠርሙስ ለየደንበኛው ያደርሳሉ። የሰፈር ልጅ «ወተቴ» እያለ ሲጠራቸው እየተናደዱ አደጉ። ካልጋሪ ሲመጡ ስለ ላም የሚጠይቃቸው አልነበረም። ዳውንታውን ፓርኪንግ ጠበቁ፣ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ጫኑ፣ የቢሮ ፎቅ ወለወሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ኦኮቶክስ አጠገብ ባለ የወተት ከብት እርሻ ጥጆች የሚመግብ ሰው ይፈለጋል ሲባል የሰሙት። ሄዱ። የመጀመሪያውን ጥጃ በጡጦ ሲመግቡ ያየ የእርሻው ባለቤት ሌላ ጥያቄ አልጠየቃቸውም።

ሚስታቸው እትዬ ምሥራች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ውቅያኖስ ተሻግረህ ያው በረት ገባህ» እያሉ ያበሽቋቸው ነበር። «ላሚቱ ያው ናት፣ የተለወጠው ጫማዬ ነው» ይሉና ሁለቱም ይስቃሉ። እትዬ ምሥራች በካንሰር ካረፉ በኋላ ጋሼ መርዕድ የቀራቸው ያ በረትና ልጃቸው ሩታ ነበሩ።

ሩታ እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ዴንታል ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ፣ አማርኛዋ እየተሰናከለ የሚሄድ፣ ግን ደፋር ልጅ ናት። ባልዋ ባርናባስ በነዳጅ ዘይት ሥራ ሰሜን እየተመላለሰ ሳምንት አለ ሳምንት የለም። ከእኛ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ ኮራል ስፕሪንግስ፣ ሐይቁ ዳር፣ ቤት ገዝተው ገቡ። ልጃቸው ኤልዳና እዚያ ቤት ነው የመጣችው፤ ከቀኗ ቀድማ፣ ትንሽ ሆና፣ ግን ድምፅ ያላት።

እንግዲህ በእኛ ወግ አራስን አጥቦ፣ አብልቶ፣ ከአልጋ የሚያስነሳት እናቷ ናት። ሩታ እናት የላትም። የአባቷ ጎረቤት ነኝና ገንፎውን እኔ አገነፋሁ፣ እንግዳውን እኔ ተቀበልኩ። ጋሼ መርዕድ ግን የሚስታቸውን ቦታ ባዶ ማየት አልቻሉም። ሥራ ውለው ሲመጡ ሻወር ወስደው፣ ልብስ ቀይረው፣ ያገኙትን ይዘው ይመጣሉ፤ ዶሮ፣ ጥጥ፣ አንዴማ ሩታ የማትለብሰው የሱፍ ቀሚስ። ሁሌ የሚሉት አንድ ነው። ምሥራች ብትኖር ይህንን ታደርግ ነበር፣ ምሥራች ብትኖር ያንን ትል ነበር።

ከነዚህ አንዱ ቅቤው ነው። ጨቅላ ልጅ ለጋ ቅቤ ትውጣለች የሚለውን ልማድ የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ አንጀቷ ይለሰልሳል፣ ድምጿ ያምራል ይባላል። አናቷ መሀል ያለችው ለስላሳ ቦታ፣ እርግብግቢቷ፣ ትቀባለች። ይህ የአያት ሥራ ነው፤ የሴት አያት። ጋሼ መርዕድ እናታቸው ሲያደርጉት አይተዋል እንጂ ራሳቸው አድርገውት አያውቁም። የሱቅ ቅቤ እንዲገዙ ብነግራቸው ተቆጡኝ። በወረቀት ተጠቅልሎ ከፍሪጅ የሚወጣ ቅቤ ለልጅ አይሆንም፣ ዕድሜው አይታወቅም አሉ።

እናም አንድ ቀን ከእርሻው ትኩስ ወተት ወሰዱ። ባለቤቱ ሠራተኛው ለራሱ የሚጠጣውን ወተት አይከለክልም። የሰፈፈውን ክሬም በጠርሙስ አደረጉ። ጠርሙሱን ያለቀለቁት የጥጆቹ ጡጦ በሚታጠብበት ገንዳ ነው። ከዚያ በ2ኤ መንገድ እየነዱ ወደ ካልጋሪ መጡ፤ ቀይ መብራት በያዛቸው ቁጥር ጠርሙሱን አንስተው ይንጣሉ። ማታውኑ ሲነግሩኝ ትከሻቸው እየሳቀ ነበር። አጠገባቸው መኪና ውስጥ የነበረች ፈረንጅ አፍጥጣ አይታቸው ኖሮ፣ እየነዳ ኮክቴል የሚሠራ ሽማግሌ መስያት ይሆናል አሉ። ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ሲደርሱ ቅቤው ወጥቶ ነበር።

ሩታ ልብስ ልትቀይር ፎቅ ወጥታ ስትመለስ፣ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ልጅቷን አንስታ አናቷን አሸተተች።

«አባዬ፣ ልጄን ምን ቀባሃት? ቶስት መሰለችህ እንዴ?»

ሳቅን። እኔም ኩሽና ነበርኩ፣ ሳቅሁ። አናቷን መቀባታቸውን አየን እንጂ ምላሷ ላይ ማድረጋቸውን ያየ አልነበረም። ዶክተሯ ከጡት ሌላ ምንም እንዳትሰጣት ለሩታ እንደነገራት ስለሚያውቁ፣ እሷ ፎቅ ሳለች በጣታቸው ጫፍ አቀመሷት፤ ይህንን ግን አልተናገሩም።

ያን ሰሞን ጥጆቹን ተቅማጥ ይዟቸው ነበር። በየፀደዩ የሚመጣ ነገር ነው። ጋሼ መርዕድ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ ጨውና ስኳር ያለበት ውሃ በጡጦ ሲያጠጡ ይውላሉ፤ አንዳንዱ ይነሳል፣ አንዳንዱ ዓይኑ ወደ ውስጥ ይገባና ያልቃል። ከበረቱ ሲወጡ ቦት ጫማቸውን አውልቀው፣ ቱታቸውን ትተው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ነው። በዚህ ማንም አያማቸውም።

በዚያው ሳምንት ሩታ ቤት መቀመጥ ሰልችቷት፣ ጓደኛዋ ቢታንያ ለልጇ ያደረገችው የልደት ግብዣ ላይ ለትንሽ ጊዜ ብቅ አለች። ኤልዳናን ይዛ። እዚያ አንድ ሕፃን ሲያስመልሰው ነበር።

ከዚያ ኤልዳና ታመመች። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ከዚያ ትውከት፣ ከዚያ እንደ ውሃ የሚሄድ ተቅማጥ። ሩታ የበላችው ነገር በጡቷ አልፎ የጎዳት መስሏት ጠዋቱን አሳለፈች። ከሰዓት ጋሼ መርዕድ ከሥራ በቀጥታ መጡ። በር ላይ ሆነው አንዴ አዩዋት። የልጅቷ ዓይን ወደ ውስጥ ገብቷል። ያ ቅቤ የቀቧት ቦታ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። እጃቸውን ወደዚያ ዘርግተው ሳይነኳት መለሱት፤ «መኪና አስነሱ» ብቻ አሉ።

ሆስፒታል የሚቻለው ሁሉ ተደረገ። በዚህ አገር ልጅ በዚህ በሽታ አይሞትም ማለት ይቻላል፤ ሮታቫይረስ ይባላል፣ ክትባትም አለው። ክትባቱ ግን በሁለት ወር ነው የሚጀመረው፤ ኤልዳና እዚያ አልደረሰችም፤ ሰውነቷም ትንሽ ነበር። ነርሷ ወረድ ባለ ድምፅ ሩታን ስታናግር ጊዜ ቄሱን ጠራን። ለሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን ይጠበቃል፤ እሷ ጋ ጊዜ አልነበረም። የክርስትና እናት እንድሆን ቀድሞ ተነግሮኝ ነበርና፣ ለበዓሉ ያሰፋሁትን ነጭ ቀሚስ ሳላመጣ፣ በሆስፒታል ፎጣ ተቀበልኳት። ወለተ ኪዳን ተባለች። እሑድ ከሰዓት፣ መስኮቱ ላይ የሚያዝያ በረዶ እየቀለጠ ሲንጠባጠብ፣ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ የሆነውን ለመናገር ይከብደኛል። ሩታ አታለቅስም። ታስባለች። የምታስበው አንድ ነገር ነው፤ ያ ግብዣ። ለምን ሄድኩ፣ ማን ጠራኝ፣ ለአንድ ቁራጭ ኬክ። ቢታንያ ስትደውል አታነሳም። ሌሊት አትተኛም፤ ጠዋት ስሄድ ያንኑ ሶፋ ላይ፣ ያንኑ ልብስ ለብሳ አገኛታለሁ። ባርናባስ ሥራውን ትቶ መጥቶ ሊያጽናናት ቢሞክር፣ አንተ አልወሰድካትም፣ የወሰድኳት እኔ ነኝ ትለዋለች። ጋሼ መርዕድ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። አንዲት ቃል አይወጣቸውም። እኔ ሐዘን ነው ብዬ ነበር።

አንድ ሰሞን ቆይቶ አንዲት ሐኪም ደወለች። ዓይሻ ትባላለች፤ ወላጆቿ ከደሴ የመጡ፣ እሷ እዚሁ የተወለደች፣ ተላላፊ በሽታ የምታጠና ወጣት ናት። ከልጅቷ የተወሰደው ቫይረስ በላብራቶሪ ሲታይ የተለመደው ዓይነት አልሆነም፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ ልታስረዳን ትፈልጋለች። ባርናባስ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበርና ሩታንና ጋሼ መርዕድን ይዤ ቢሮዋ ሄድኩ።

ለአማርኛዋ ይቅርታ ጠይቃ ጀመረች፤ ቀና ልጅ ናት። የዚህ ቫይረስ ጂን አንድ ረጅም ክር ሳይሆን አሥራ አንድ ቁራጭ ነው አለች። ከዚያ ወደ ጋሼ መርዕድ ዞረች።

«ጋሼ፣ ካርታ ይጫወታሉ?»

«ዱሮ።»

«ሁለት ጥቅል ካርታ አንድ ላይ ሲበወዝ አስቡት። አንዱ ጀርባው ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ሁለት ቫይረስ አንድ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ እንደዚያ ነው፣ ካርዶቹ ይቀላቀላሉ። የኛ የሰው ቀይ ነው እንበል። ኤልዳና ያገኘችው ቫይረስ አብዛኛው ካርዱ ሰማያዊ ነው። የከብት።»

ከብት ጋር የሚውል ሰው ቤተሰብ ውስጥ እንዳለ ስትጠይቅ፣ ሩታ አባቷን ቀድማ መለሰች። አባቷ ከጥጆች ጋር እንደሚሠሩ፣ ግን ሳይታጠቡና ልብስ ሳይቀይሩ ልጇን ነክተው እንደማያውቁ፣ ሻወር ወስደው እንኳ እንደገና እጃቸውን እንደሚታጠቡ፣ እንደ እሳቸው ጠንቃቃ ሰው እንደሌለ እየተንተባተበች ተናገረች። እጃቸውን ይዛ ነበር የምታወራው። ጋሼ መርዕድ ወለሉን ያያሉ።

ዓይሻ የሰማችውን አልተጠራጠረችም። ከከብት የተነሳ እንዲህ ያለ ቫይረስ አንዳንዴ ከዓመታት በፊት ወደ ሰው ተሻግሮ፣ ከዚያ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ይኖራል አለች። ስለዚህ በረት ረግጦ ከማያውቅ ልጅም ሊመጣ ይችላል።

«ከልደት ግብዣም» አለች ሩታ።

«ሊሆን ይችላል።»

«ሲ? አየሽ፣ አልኩሽ» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። ፊቷ ላይ ያየሁትን መርታት የመሰለ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰው ፍርዱ ሲጸናበት እንዲያ ይሆናል ብዬ አላውቅም ነበር።

ለይቶ ለማወቅ አንድ መንገድ አለ አለች ዓይሻ፤ ከእርሻው ጥጆች ናሙና ተወስዶ ጂኑ ከኤልዳናው ጋር ቢተያይ። ግዴታ ግን የለም። የእርሻው ባለቤትም መፍቀድ አለበት፣ ቤተሰቡም መፈለግ አለበት። ሩታ አያስፈልግም አለች።

በማግስቱ በሬን አንኳኩ። ሻይ አቀረብኩ፣ አልነኩትም። ስለ ምላሷ የነገሩኝ ያኔ ነው። ጠርሙሱ የት እንደታጠበ፣ በዚያ ቀን የትኛውን የታመመ ጥጃ አቅፈው እንዳጠጡ፣ ሁሉንም። ከሩታ ቤት በር ጀምሮ ሲያውቁት ኖረዋል፤ ያንን የገባ ዓይን ጥጆቹ ላይ አይተውታልና።

እኔ ምን ልበል? ተዉት ጋሼ አልኳቸው፤ ናሙናው ልጅቷን አይመልሳትም፣ የቀረችዎትን አንዲት ልጅም ያሳጣዎታል። ዶክተሯም ግዴታ የለም ብላለች። እውነቴን ነበር።

«ሐና» አሉኝ፣ «ሩታ እኮ አትተኛም።»

«ጊዜ ሲያልፍ ትተኛለች።»

«የኔን ተሸክማ ነው የማትተኛው። የራሷ ቢሆን ዝም ባልኩ።»

በሳምንቱ ለእርሻው ባለቤት ነገሩት። ሰውየው ደነገጠ፣ ግን አልከለከለም፤ ተቅማጡም ገና ከበረቱ አልወጣም ነበር። ዓይሻ በላከቻቸው ትንንሽ ብልቃጦች፣ ጓንት አድርገው፣ ናሙናውን ራሳቸው ከየጥጃው ሰበሰቡ። የሚያግዛቸው ሰው ቢሰጣቸውም እንቢ አሉ። እነዚያን ጥጆች እጃቸውን እያስጠቡ ነው ያሳደጓቸው፤ ሲያዩዋቸው ተግተልትለው መጥተው ጣታቸውን ሊጠቡ ይሻማሉ። በዚያ ቀንም ተሻሙ አሉኝ። ናሙናውን አስረክበው ሥራውን ለቀቁ።

መልሱ የመጣው የዚህ አገር በጋ ሲያልቅ ነው። ዓይሻ ለሩታ ሳይሆን ለሳቸው እንድትነግር ለምነዋት ስለነበር፣ እኔ ብቻ አብሬያቸው ሄድኩ። የልጅቷና የጥጆቹ ቫይረስ፣ አሥራ አንዱም ቁራጭ ጎን ለጎን ሲነበብ፣ በጥቂት ፊደል ብቻ ነው የሚለያዩት፤ እንደ አንድ እናት ልጆች ናቸው። ከዚያ ከግብዣው የታመመውን ልጅ ቤተሰብ ጠይቃ ኖሮ፣ የሱ የተለመደው የሆድ ሕመም እንጂ ይህ አልነበረም። የኤልዳና ከኦኮቶክሱ በረት ነው የመጣው።

«በቅቤው ነው?» አሏት።

ጂኑ ከየት እንደመጣ ያሳያል እንጂ በምን እንደመጣ አያሳይም አለች። በጠርሙሱ ሊሆን ይችላል፣ በጣታቸው ሊሆን ይችላል፣ በመኪናው መሪ፣ በሰዓታቸው ማሰሪያ ሊሆን ይችላል። ቅቤውን ባያቀምሷትም ሊሆን ይችል ነበር። ይህንን ደጋግማ ነገረቻቸው፤ ልታጽናናቸው ነው። እሳቸው ግን ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወዲህ አስረውት አላየሁም።

ኮራል ስፕሪንግስ አብረን ሄድን። ሩታ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ባርናባስም ነበር። ጋሼ መርዕድ አልተቀመጡም። ቆመው ነገሯት፤ ስለ ናሙናው፣ ስለ መልሱ፣ ስለ ምላሷ። አንዱንም ከሌላው አላስበለጡም፣ ዓይሻ ያለችውን «ሊሆን ይችላል» አንዱንም አላነሱም። በመጨረሻ «አንቺ አይደለሽም» አሏት።

ባርናባስ ተነስቶ ሐይቁን ወደሚያሳየው መስኮት ዞረ። ሩታ አባቷን አየቻቸው፣ አየቻቸው። ትጮሃለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

«ወደደችው?» አለች።

«ምኑን?»

«ቅቤውን። ስታቀምሳት።»

«ምላሷን መልሳ አወጣችው» አሉ። «ጨምርልኝ የምትል መሰለኝ። አልጨመርኩላትም።»

ሩታ ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ነገር እንደገባው ሰው። ከዚያ ቀስ ብላ ደረጃውን ወጥታ በሩን ዘጋች። በማግስቱ ስልኬ ላይ መልእክት ላከችልኝ፤ ለአባዬ ንገሪው፣ ለጊዜው አይምጣ።

ለጊዜው የተባለው ወራት ሆነ። ከኮራል ስፕሪንግስ እስከ ፓይንሪጅ በመኪና ዘፈን ሳያልቅ ይደረሳል፤ እኔ ግን በሁለቱ መሀል ሩቅ አገር እንዳለ ሰው መልእክት ሳመላልስ ከረምኩ። ሩታ ለቢታንያ ደወለች፣ ሁለቱ ተላቀሱ። ሥራ ተመለሰች። ባርናባስ እንደነገረኝ ሌሊት መተኛት ጀመረች። ይህንን ለጋሼ መርዕድ ስነግራቸው «ስንት ሰዓት ትተኛለች?» ብለው ይጠይቁኛል። ከዚያ ሌላ ነገር አይጠይቁም። ሩታ ደግሞ «ይበላል?» ትላለች። ይበላሉ እላለሁ፤ ውሸት ነው።

እሳቸው ዳውንታውን ወደ ፓርኪንጉ ተመለሱ። ቤት ሲሆኑ ውሃ ሲወርድ በግድግዳው እሰማለሁ። ይታጠባሉ። እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ይቆማል፣ እንደገና ይከፈታል። ቆዳቸው መላጥ፣ ከዚያ መሰንጠቅ፣ ከዚያ መድማት ጀመረ። ለቅሶ ቤት ወንበር አይደረድሩም፤ የሰው ዕቃ መንካት አይወዱም። ሰው ሊጨብጣቸው ሲመጣ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ፤ ያልገባው ኮሩ ይላል። ይህንን ለሩታ አልነገርኳትም ነበር። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት ግን በስልክ እያወራን የውሃውን ድምፅ ሰማችና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ ከደጃችን ቆመ። ሞተሩን አላጠፋችም፤ አልወረደችም። ሄጄ የጋሼ መርዕድን በር አንኳኳሁ። በመስኮት አይተዋት ኖሮ ጃኬት እንኳ ሳይደርቡ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ በበረዶው ላይ በነጠላ ጫማ ወጡ። ከመኪናዋ አንድ እርምጃ ራቅ ብለው ቆሙ። ሩታ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«እጅህን አሳየኝ አባዬ።»

አላወጡትም።

«አባዬ፣ ፕሊስ።»

አወጡት። ሩታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከጎኗ ካለው ቦርሳ አንድ ትንሽ ቱቦ አወጣች፤ ዳይፐር ሲቀየር የምትቀባው የኤልዳና ቅባት ነበር፣ ግማሹ ያልተነካ። መጀመሪያ አንዱን እጃቸውን፣ ከዚያ ሌላውን በመስኮቱ ወደ ውስጥ ስባ፣ ስንጥቁን እየተከተለች፣ እስከ አንጓቸው ድረስ ቀባቻቸው። ጋሼ መርዕድ አንገታቸውን ደፍተው እንደ ልጅ ቆሙላት። ስትጨርስ ክዳኑን ገጥማ፣ ቱቦውን መልሳ ቦርሳዋ ከተተችው፤ አልሰጠቻቸውም። መስኮቱን ዘግታ ሄደች።

እሳቸው እጃቸውን እንደተቀባ ወደፊት ዘርግተው፣ ምንም ሳይነኩ፣ በሩን እስክከፍትላቸው ቆመው ጠበቁኝ። ያን ቀን በግድግዳው በኩል ውሃ ሲወርድ አልሰማሁም።